«እሺ» ያለችው ተከራይ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ያወጣው ግን ስልክ ነው። የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ናት። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫዋን አጥልቃ «እሺ… እሺ… እሺ የኔ ወንድም» ስትል ትውላለች። ደዋዩ ያልቅስ፣ ይቆጣ፣ ቁጥር ይሳሳት፣ እሺውን ሳያገኝ አይዘጋም። ቤቷ ገብታም አፏ አያርፍም፤ ዜና አንባቢውን እንኳ «እሺ» ትለዋለች። ሰፈሩም «እትዬ እሺ» ብሏት ቀረ።

ታዲያ አንድ እሁድ ጠዋት አከራይዋ በሩ ላይ ቆሞ፣ ልጁ ሊያገባ መሆኑን፣ ቤቱ ለሙሽሮቹ እንደሚያስፈልግና በወሩ መጨረሻ እንድትለቅለት ሲያስረዳ፣ እሷ በየመሃሉ ምን ትል ነበር መሰላችሁ? «እሺ ጋሼ… እሺ… እሺ።» ሰውየው ደስ ብሎት ሄደ። ነገሩ የገባት በሩን ዘግታ ስትዞር ነው።

ለራሷ ቢሆን ግድ አልነበራትም። ጭንቋ እናቷ ናቸው። አሮጊቷ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ በዚህ ቤት ግን ማንም አይመራቸውም። ግድግዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ ከአልጋ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ ደጅ ሽር ይላሉ። በጥድፊያ የማያውቁት ቤት ቢገቡ ወንበር ላይ ተተክለው መቅረታቸው ነው።

«አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉ እናቷ። «ይኸው አፍሽ ከቤት አስወጣን።»

በማግስቱ ነፃ የሕግ ምክር ወደምትሰጥ ወጣት ጠበቃ ዘንድ ሄደች።

«ውሉ አልቋል?» አለቻት ጠበቃዋ።

«ኧረ ገና ነው።»

«የጽሑፍ ማስጠንቀቂያስ ደርሶዎታል?»

«ምን ጽሑፍ አለ፣ በር ላይ ቆሞ ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያው ዝም ብሎ አያስወጣዎትም። ልጅ ስላገባ ውል አይፈርስም። ከፈለጉ ተነጋግረው ይስማሙ። ካልተስማሙ ግን ፍርድ ቤት ሳያዝ ቁልፍ መቀየር፣ መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ ማውጣት አይችልም። ቢሞክር ለፖሊስ ይደውሉ። ለመሆኑ ምን ብለው መለሱለት?»

«እሺ።»

«እኮ፣ ምን አሉት?»

«እሺ ነዋ ያልኩት!»

ጠበቃዋ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ትሳቅ ታልቅስ አልታወቀም።

አከራዩም የዋዛ አልነበረም፤ «በቃሏ ተስማምታለች» ብሎ ከሰሳት። በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ፊት ቆሞ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ዘረገፈው፤ የልጁን ፍቅር፣ የሙሽሪትን ቤተሰብ፣ የራሱን የወገብ ሕመም ሳይቀር። ዳኛዋ እየጻፉ «እሺ» አሉት። ቀጠለ። «እሺ።» አሁንም ቀጠለ። ጨርሶ ላቡን ሲጠርግ አንዴ ደግመው «እሺ» ቢሉት፣ እጅ ነስቶ ወረቀቱን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና ወደ በሩ አቀና።

«ወዴት ነው አባቴ?» አሉ ዳኛዋ።

«እግዜር ይስጥልኝ ክብርት ዳኛ፣ ፈረዱልኝ እኮ! እሺ አሉኝ!»

«እሺ ያልኩዎት እየሰማሁዎት ነው ለማለት ነው እንጂ…»

ዳኛዋ አልጨረሱትም። ችሎቱ በሳቅ አወካ፤ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳይቀር ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ። አከራዩ አንገቱን እያከከ ተመልሶ ተቀመጠ። ጠበቃዋ ለመናገር ብድግ ብላ ነበር፤ የምትጨምረው ብታጣ መልሳ ቁጭ አለች።

ተከራይዋ ውሉ እስኪያልቅ በቤቱ እንድትቆይ፣ ከዚያ በኋላም ባለቤቱ ቤቱን ከፈለገው አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስታውቃት ተወሰነ። እትዬ እሺ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። ቤቱ የሷ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ አንድ ቀን መልቀቋ አይቀርም። ጊዜ ግን አገኘች።

በእረፍት ቀኗ እናቷን ደግፋ ቤት ፍለጋ ትዞር ጀመር። ደላላው ስለ ቀለሙ ማማር ሲለፈልፍ አሮጊቷ ጆሯቸውንም አይሰጡት። ግድግዳ ይዳስሳሉ፣ ደፉን በእግራቸው ይለካሉ፣ «ይሄ ይቅር» ብለው ይወጣሉ። ደላላው ምርር አለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ከአንዲት ቤት ገብተው የልጃቸውን ክንድ ለቀቁ። ግድግዳውን ተከትለው ብቻቸውን ሄዱ። መስኮቱን አገኙት፣ ከፈቱት፣ ፊታቸውንም ለፀሐይ ሰጡ። 

«የዚህን ቤት አከራይ ጥሪልኝ» አሉ። «አንቺ ዝም በይ፤ የማነጋግረው እኔ ነኝ።»