የሰባተኛው ድንጋይ ምስክር

ልጅ ሳለሁ ቀኝ ጆሮዬን ዘጠኝ ጊዜ ተቆንጥጬአለሁ፤ አጥፍቼ ሳይሆን የአስታውን ድንበር እንዳልረሳ ነው። አስታ በጉና ተራራ ተዳፋት ላይ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግንዱ ጠማማ ዛፍ ነው። ከመንደራችን በላይ የነበረው የአስታ ደን የጋራ ጥብቅ ስለ ነበረ ምሳር አይገባበትም፤ ከሥሩ የሚፈልቀውም ምንጭ ሰውንም ከብትንም ያጠጣ ነበር። ደኑ በዘጠኝ ድንጋዮች የተከለለ ሲሆን፣ በየጥቂት ዓመቱ ሽማግሎች ልጆችን ይዘው ይዞሩታል፤ በየድንጋዩም ጆሯቸውን ይቆነጥጡና አንድ እፍኝ ቆሎ ይሰጧቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ከሁሉ በኋላ የሚሞቱት ልጆች ናቸውና የድንበሩ ምስክሮችም እነርሱ መሆን አለባቸው። ክርክር በተነሣ ጊዜ የሁለት ልጆች ቃል ከገጠመ ድንበሩ ይጸናል፤ ጭቃ ሹሙ እንኳ ሊሽረው አይችልም።

በእኔ ጊዜ ያዞሩን የአባቴ አጎት አያ ቢተው ነበሩ። አራት ልጆች ነበርን፤ ሁለቱ በዓመቱ በፈንጣጣ ሞቱ፤ የቀረነው እኔና የአጎቴ ልጅ ውባለም ብቻ ነን።

ያኔ፣ ከብቱ ገብቶ፣ እራት ተበልቶ፣ የኩበቱ ጢስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ምሰሶው ላይ የተለጠፈችው አንዲት ጧፍ እየተንቀጠቀጠች፣ አያ ቢተው ከምድጃው አጠገብ በቁርበታቸው ላይ ይቀመጡና ስለ እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ አንድ ተረት ይነግሩን ነበር። ተረታቸው ግን መጨረሻ አልነበረውም። ፍርዱ ላይ ሲደርሱ ያቆሙና «እስኪ ፍረዱ» ይሉናል፤ እኛም ደበሏችንን አስተካክለን እንቆምና እንደ ትልቅ ሰው እንከራከራለን።

የሰባተኛው ድንጋይ ተረት እንዲህ ነበር። ሁለት ወንድማማች አንድ ቤት ወረሱ፤ ታላቁ በበጋ፣ ታናሹ በክረምት ሊኖርበት ተስማሙ። ታላቁ ለበቅሎው ድርቆሽ ቢያጣ ወደ ሰማይ አየና «ምን ዝናብ አለና» ብሎ የቤቱን ክዳን እየመዘዘ አበላት። ክረምት ሲገባ ታናሹ መጥቶ ወራጁንና ማገሩን ብቻ አገኘ።

«እስኪ ፍረዱ» አሉ አያ ቢተው።

«ታላቁ ይካስ፤ በቅሎዋንም ይቀማ» አልሁ።

«በቅሎዋን ለአንተ እንድንሰጥህ ነው?» ብላ ሣቀችብኝ ውባለም። ከዚያም ፊቷን አኮሳትራ፣ «ታናሹም ጥፋት አለበት። በበጋ ብቅ ብሎ ቤቱን ስለ ምን አላየም?» አለች።

አያ ቢተው ፍሙን ቆሰቆሱ። «ታናሹ ገና አልተወለደም ነበር ብልሽስ?»

ውባለም ደበሎዋን አስተካከለች። «እንግዲያውስ እስኪወለድ ድረስ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ይቁምለት።»

«ማን ይቁምለት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አያ? አንቱ ይቁሙለታ!»

«እኔማ ከክዳኑ በፊት አልቃለሁ» ብለው ሣቁ፤ እጃቸውንም ዘርግተው የሁለታችንንም ጆሮ ያዙ። ከዚህ በላይ አላብራሩልንም፤ ማብራራትም አላስፈለጋቸውም።

ንጉሡ በደብረ ታቦር ከትመው ብዙ ሰው በከተማው ዙሪያ በሰፈረበት ዘመን፣ በአንድ ጥቅምት ውርጭ ወርዶ ገብሳችንን ሙልጭ አድርጎ ፈጀው። ገብስ ያጣ ሰው ግብሩን በእንጨት ሊያወርድ እንደሚችል ተሰማ። ያን ጊዜ ጭቃ ሹሙ ሸንጎ ጠራና፣ ሰባተኛው ድንጋይ ያለው ከላይ ጅብራ የሚባለው ተክል ከሚበቅልበት ዘንድ ስለሆነ ከዚያ በታች ያለው አስታ ጥብቅ አይደለም ሲል ተናገረ። አያ ቢተው ድንጋዩ ከምንጩ በታች በሣር ተሸፍኖ እንዳለ ተከራከሩ፤ ነገር ግን ተከራካሪ ለራሱ ምስክር አይሆንምና ልጆቹ ይጠየቁ ተባለ።

በምንጠየቅበት ቀን ጧት አባቴ ከበሬያችን አጠገብ ጠራኝ። የበሬውን ጎን እያሻሸ፣ «ዛሬ ድንጋዩን ካስታወስኸው ይህ ለግብር ከቤታችን ይወጣል» አለኝ። አልተቆጣኝም፤ አላስፈራራኝም።

ውባለም ቀድማ ቆመች። ከሽማግሎቹ አንዱ፣ «ቢተው፣ ደግሞ ጡት ያልተዉ ዳኞች ታቆምብን ጀመር?» አለ። እርሷ ግን ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ከምንጩ በታች ከኮሶው ሥር ነው። አያ ሲቆነጥጡኝ ቆሎዬ እዚያ ፈሶብኛል» ስትል መሰከረች።

«ቆሎሽ በቅሎ እንደሆነ ሄደን እንየው!» አለ ሰውዬው፤ ሸንጎውም በሣቅ ፈረሰ።

ጭቃ ሹሙ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። ኮሶው ታየኝ፤ ድንጋዩም በላዩ ከተለጠፈው ሽበት ጋር ታየኝ።

«ረስቼዋለሁ» አልሁ።

«ውሸታም! ከአጠገቤ አልነበርህም?» ብላ ጮኸች ውባለም፤ ዝም በይ ብለው አስቀመጧት። አያ ቢተው በምርኩዛቸው ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። ሊቆነጥጡኝ መስሎኝ አንገቴን ሰበርሁ፤ እርሳቸው ግን ጆሮዬን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ወደ ቤት ሄዱ። ቢቆነጥጡኝ በወደድሁ።

በዚያ ዓመት ክረምት በቤታችን የነደደው ኩበት ሳይሆን አስታ ነበር። ከግብር የተረፈው ቅርንጫፍ በየደጁ ተከምሮ ነበርና እሳቱ ጢስ የሌለው፣ ብርሃኑም ጧፍ የማያሻው ሆነ። እንደዚያ ክረምት ሞቆኝ አያውቅም፤ ይህንንም በኀፍረት እጽፋለሁ። አያ ቢተው ከእሳቱ ርቀው፣ በበሩ በኩል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጡ ነበር። አንድ ማታ ደፍሬ «አያ፣ ተረት ይንገሩን» ብላቸው «ፍርዱ አልቋል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ተረት አልተናገሩም።

በማግሥቱ ዓመት ጭቃ ሹሙ ስምንተኛውን ድንጋይ ረሳ፤ ቀጥሎም ሌላው ሌላውን። ደኑ ባለቀ ጊዜ ምንጩ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያም በክረምት ብቻ የሚታይ ሆነ፤ ቤተሰብ የያዙ ጎልማሶችም ውኃ ፍለጋ ወደ ቆላ ወረዱ። የአባቴ በሬ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አረሰ። ውባለም ወደ አንበሳሜ ተዳረች፤ በቀብር ካልሆነ አልተገናኘንም፤ በተገናኘንበትም ቀን ሰላምታዬን በአንገቷ ብቻ ተቀብላለች።

እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ገባሁ፤ ከዜማ እስከ ሕግ ትርጓሜ ተምሬ ወንበር ዘረጋሁ። ፊደል ሳይስቱ ሕግ የሚያነበንቡ ብዙ ደቀ መዛሙርት አውጥቻለሁ። ከእነርሱ ግን አንድም በሸንጎ ተነሥቶ ስላልተወለደው ወንድሙ ሲናገር አላየሁም። አገሩ ለዛሬ እራት ሲል የነገውን ክዳን ሲመዝ ወጣቱ በዳር ተቀምጦ ያያል፤ ሲጠየቅም አላውቅም ይላል። ብወቅሰው እወድድ ነበር፤ ነገር ግን በወንበሬ ፊት ያነበነበውን አመስግኜ «ስለ ምን?» ያለውን በአለንጋ የመታሁት እኔ ራሴ ነኝ። አንድ ሽማግሌ በጢስ ውስጥ እስኪ ፍረዱ እያሉ ያበጁትን ነገር እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ዝም በሉ እያልሁ አፈረስሁት። አሁን ይታረማል ብዬ አላምንም።

ቢሆንም ባለፈው መስከረም ታናናሾቹን ደቀ መዛሙርት ይዤ ድንበሩን ዞርሁ። ኮሶው የለም፤ ሰባተኛውን ድንጋይ ግን ፍለጋ ሳያሻኝ አገኘሁት። አንዱን ትንሽ ልጅ ጆሮውን ስቆነጥጠው ግራና ቀኙን አየና፣

«የኔታ፣ ከድንጋዩ ወዲህና ወዲያ ምኑ ነው የሚለየው?» አለኝ።

በሁለቱም ወገን ጠጠርና የተጋጠ ሣር ነበር። «በላይ በኩል አስታ ነበረ፤ ተቆረጠ» አልሁት።

«ሲቆረጥ ተዉ ያለ አልነበረም?»

«አንዲት ልጅ ነበረች።»

«ብቻዋን?»

ልጁ ጆሮውን እያሻሸ መልሴን ጠበቀ። ቆሎውን በእፍኙ አድርጌለት ወደ ስምንተኛው ድንጋይ አለፍሁ።