አክስቴ የማትሻገረው አስፋልት

ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት፣ ታክሲው ከሚያዞርበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከወገብ የማይበልጥ ድንጋይ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ እዚያ ተገድለው የተጣሉ የሰፈራችን ልጆች ስም ተቀርጾበታል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ያቆመው እድራችን ነው። ከስሞቹ አንዱ የአክስቴ የበኩር ልጅ ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፣ እኔንም ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሌሎቹ ልጆች እናቶች አንድ በአንድ አልፈው እሷ ብቻ ቀርታለች። የልጇን አስከሬን መኪና ጭኖት ሄደ፤ የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ መቃብሩ ይሄው ድንጋይ ነው። ጠዋት ጠዋት ኪዳን አስደርሳ ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ትጠርግለታለች።

መንገዱ ሊሰፋ ነው ሲባል ክው አልኩ። መጀመሪያ የቆፈሩት ግን ማዶውን ነበር። ዳቦ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ ሁሉም ተነሳ። አክስቴ በራችን ላይ ዱካ አውጥታ ስታይ ዋለች፤ እህል የሚባል ነገር አልቀመሰችም። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍ፣ «እሰይ! ከጎሚስታው ጋር ያለሽ ቂም ዛሬ አለቀልሽ!» አልኳት። 

በቤታችን ይሄ የቆየ ቀልድ ነው። አክስቴ ያንን አስፋልት አትሻገርም። ዳቦ ስትፈልግ አንዳችንን ትልካለች። ታክሲ ማዶ ሊያወርዳት ከሞከረ ረዳቱ አለቀለት፣ ታወርድበታለች። ከጎሚስታው ሰውዬ ጋር የሆነ ነገር ተባብለው ነው ብለን ደመደምን። ምስኪን ሰውዬ፣ ባያት ቁጥር ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላት ነበር።

የእኛ ወገን ተራ የደረሰ ቀን ሥራ ቦታ እያለሁ ጎረቤት ደወለችልኝ። «ኧረ ድረሽ! አክስትሽ ድንጋዩ ሥር ተቀምጣ አልነሳም ብላለች!»

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ኤክስካቫተሩ ሞተሩን እያጓራ አካፋውን ሽቅብ ሰቅሎ ቆሟል። ከድንጋዩ ሥር ጥልቅ ቦይ ተቆፍሯል፤ አፈሩ ኮለል እያለ ይወርዳል። አክስቴ በነጠላዋ ድንጋዩን አቅፋው ተቀምጣለች። አንድ ፖሊስ አጠገቧ ቆሞ መሐንዲሱን መሐንዲሱን ያያል።

«እማማ፣ በእናትዎ ይነሱልኝ» ይላል መሐንዲሱ፣ ልጅ እግር ነው፣ ላብ አጥምቆታል። «ሊናድብዎት ነው። ድንጋዩን በመኪና ጭነን መጋዘን እናስቀምጥልዎታለን።»

«ደግሞ በመኪና?» አለችው። «ደግሞ በመኪና ልትወስዱብኝ?»

ደሜ ፈላ። «አንተ! እናት የለህም?» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ግን አልተቆጣም። ወደ ጎን ወሰደኝና፣ «እህቴ፣ ማዶ አትክልት የሚተከልበት ቦታ አለ። እዚያ እንዲቆም አስፈቅጃለሁ። ግን ማሽኑ እዚህ እያለ፣ አሁኑኑ ነው። አለበለዚያ መጫኑ ነው» አለኝ።

«ማዶ የቱ ጋ?»

«ጎሚስታው የነበረበት።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሮጬ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እዚያስ አይሆንም።»

«ለምን?»

«አይሆንም አልኩሽ እኮ!»

«እንዴ! በአንቺ ግትርነት ሊጠፋ ነው እኮ! ከጎሚስታ ጋር ተጣላሁ ብለሽ የልጅሽን ድንጋይ ታስጭኛለሽ?»

ከእግሯ ሥር አንድ ጓል አፈር ተንዶ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ፖሊሱ ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ እኔ እጁን ገፈተርኩት። ያኔ አክስቴ የሸሚዜን ኮሌታ ጨምድዳ ወደ አፏ አስጠጋችኝ።

«እዚያ ነው ያገኘሁት» አለች። ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል። «ማዶ ነው። በግንባሩ ተደፍቶ፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ልጠጋ ስል ወታደሩ ‹ታውቂዋለሽ?› አለኝ። የሚያለቅስ ሁሉ ይታፈስ ነበር። ታናናሾቹ ቤት ነበሩ። አላውቀውም አልኩ። አልፌው ሄድኩ።»

 ኮሌታዬን እንደጨመደደች ነበር።

«የእድሩ ሰዎች የወደቀው የቱ ጋ ነበር ሲሉኝ እዚህ ነው አልኳቸው። በዚያ ዘመን ቀና ብሎ ያየ ሰው ስላልነበር አመኑኝ። ያንን ቦታ በየጠዋቱ እንዴት ልየው?»

ያን ሁሉ ዓመት ስቀን ነበር። አፈርኩ፣ በቃ አፈርኩ።

ሹፌሩ ከኤክስካቫተሩ ላይ «እንዴት ነው?» ብሎ ጮኸ። አክስቴ የጭነት መኪናውን አየችው። ከዚያ ማዶውን አየች፣ ረጅም ጊዜ።

«በመኪናስ አይሄድም» አለች። «እኔው አደርሰዋለሁ።»

ድንጋዩን በሰንሰለት አሥረው አነሱት። ፖሊሱ መኪኖቹን አስቆመልን። እኔና እሷ ከፊት፣ ማሽኑ ከኋላችን ቀስ እያለ። አስፋልቱ መሀል ስንደርስ ቆም አለች፤ ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገባ። ልመልሳት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ጎተተችኝ።

መሐንዲሱ ምልክት የተከለበትን አሳየን። አልፋው ሄደች። ትንሽ ከፍ ብላ ቆመችና በእግሯ መሬቱን ነካች። «እዚህ ጋ።»

መሐንዲሱ አልተከራከረም። ድንጋዩ ሲያርፍ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

አክስቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቀዘቀችው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። ከዚያ ስሙን ጠራችው። በቤታችን «ልጁ» ነበር የሚባለው፤ ስሙ ከአፏ ሲወጣ ገና ያን ቀን መስማቴ ነው። ፖሊሱ ምን ሆኑ ብሎ ጠጋ አለ።

«ልጄ ነው!» አለችው ደረቷን እየደቃች። «አውቀዋለሁ! ልጄ ነው!»

የቆመው ታክሲ ውስጥ ላሉትም ነገረቻቸው፣ ለሠራተኞቹም፣ ለመንገደኛውም። ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ተሻግረው መጡና የተከመረው የመንገድ ንጣፍ ድንጋይ ላይ ለቅሶ ተቀመጡ።