የሐጂ ይመር ቻርጀርና ስድስተኛው ቦርድ

ሥራ የጀመርኩት ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን ዘፈን የሚጎትት ቴፕ ተሰጠኝ። ዘፋኙ ታሞ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ግማሽ ቀን ሙሉ ፈታሁት፤ ቀበቶውን ቀየርኩ፣ ሞተሩን ዘይት አጠጣሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። አሁንም ይጎትታል። ባለሱቁ ጋሽ ጸጋዬ የመልቲሜትሩን ጫፎች ሶኬት ውስጥ ከተተ። መቶ ስልሳ ቮልት ይላል፤ መሆን የነበረበት ሁለት መቶ ሃያ ነው። "የታመመው ቴፑ አይደለም፣ መብራቱ ነው" አለኝና ምሳውን ሊበላ ሄደ። እኔም የጣልኩትን ቀበቶ ከቆሻሻ ውስጥ ፈልጌ መለስኩት።

እዚያ ሱቅ አሥራ ሰባት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ የከተማው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ቴክኒሻን ሲፈልግ አመለከትኩ። ሌላ አመልካች ስላልነበረ አንደኛ ወጣሁ። መደቡ "ቴክኒሻን ሁለት" ይባላል። ቴክኒሻን አንድ የሚባል ሰው አልነበረም፤ ማን እንደሆነም ጠይቄ አላውቅም።

ጊዜው ለውጥ የሚባልበት ጊዜ ነው። በየስብሰባው ስለ አዲስ ነገር ይወራል። እኛ ጋ የደረሰው አዲስ ነገር አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት በካርቶን የላከው ስምንት ቦርድ ነበር። እያንዳንዱ ቦርድ የመታወቂያ ወረቀት የሚያህል ሙሉ ኮምፒውተር ነው፤ ሽፋን የለው፣ ስክሪን የለው። የሚያውቀውን ሁሉ የሚይዘው ጥፍር በምታህል ሚሞሪ ካርድ ነው። ስምንቱን በኔትወርክ ገመድ አያይዞ እንደ አንድ ማሠራት ይቻላል፤ ክላስተር ይሉታል። ካርቶኑ ውስጥ ቦርዶቹ፣ ካርዶቹ፣ ገመዶቹና እኛ ፈርመን የምንመልሰው የምስጋና ደብዳቤ ነበሩ። ለቦርዶቹ ኃይል የሚሰጥ ነገር አልነበረም።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ጌታሁን ካርቶኑን ሁለት ጊዜ ዞረው አዩትና "የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሴክሽን ስምንት፣ ቦርዱም ስምንት። እግዜር ቆጥሮ ነው የላከልን" አሉ። የየሴክሽኑ ተማሪዎች ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያገኙት ውጤት በየቦርዱ እንዲገባ ተወሰነ። የእያንዳንዱ ቦርድ ቅጂ ደግሞ በጎረቤቱ ቦርድ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲናገር።

ሒሳቡን ሠራሁ። አንድ ቦርድ አምስት ቮልት፣ ሦስት አምፔር ይፈልጋል። ለስምንቱ ሃያ አራት አምፔር ነው። ማንኛውም ፓወር ሰፕላይ ሁልጊዜ በአቅሙ ጫፍ ላይ ቢሠራ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ "አምስት ቮልት፣ አርባ አምፔር፣ አንድ" ብዬ የግዢ መጠየቂያ ጻፍኩ።

"አርባ አምፔር? ወፍጮ ልትተክል ነው?" አሉኝ አቶ ጌታሁን።

"ቮልቱ አምስት ብቻ ነው። በዋት ሁለት መቶ ነው፤ ሁለት የድሮ አምፖል ማለት ነው።"

"እንዲያ ከሆነ ለምን አምፖል ብለህ አትጽፍም?"

ግዢ ከሦስት ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ፕሮፎርማ የሚሉትን፣ ይፈልጋል። ሐይቅ ላይ ዕቃውን የሚሸጥ አንድም ሱቅ የለም። ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ተኛ።

መፍትሔው ከወላጆች ስብሰባ መጣ። እኛ አገር ዓረብ አገር ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ዓረብ አገር ልጅ ያለው ቤት ደግሞ ቻርጀር አያጣም። ሁሉም ቤቱ ያለውን ቻርጀር ያምጣ ተባለ። በሳምንቱ ሠላሳ አንድ ቻርጀር ተዋጣ። ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ አውጥቼ ሁለት ኦም እስኪሆን ቆረጥኩና ቻርጀሮቹን በየተራ ከሽቦው ጋር እያያያዝኩ አስጨነቅኳቸው። ሲጫንባቸው ቮልታቸው ያልወረደ አምስት ብቻ ናቸው። የቀሩት ጀርባቸው ላይ ሦስት አምፔር ብለው ጽፈዋል። መጻፍ ማንም ይጽፋል።

የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሐጂ ይመር ነበሩ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ በከተማው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ እኔን ራሴን ሽማግሌ ሆነው የዳሩኝ ሰው ናቸው። የእሳቸው ቻርጀር ልጃቸው ከጅዳ የላከው፣ ከነካርቶኑ ያልተነካ፣ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት ነው። ስብሰባው ፊት ከፍ አድርገው ያዙት።

"ይቺ ለልጆቻችን ትሁን። አላህ ዕውቀቱን ይግለጥላቸው።"

አዳራሹ በሙሉ አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ። ሽቦዬ ላይ ሳስራት ወደ አራት ነጥብ ሦስት ቮልት ወረደች። ቦርድ ከአራት ነጥብ ስድስት በታች ሲደርሰው መንገዳገድ ይጀምራል። ይሁንና ሰው ሁሉ አሚን ያለበትን ነገር መልቲሜትር ይዤ ልሟገት አልደፈርኩም። "ማሻአላህ ሐጂ፣ ጥሩ ናት" አልኩና ስድስተኛው ቦርድ ላይ ሰካኋት። ለሰባተኛውና ለስምንተኛው ከደካሞቹ የሚሻሉትን ሰጠሁ።

ቦርድ ኃይል ሲያንሰው፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር ነቅዬ ያያያዝኩበት ስክሪን ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ያወጣል። ሲብስበት በራሱ ጠፍቶ ይነሳል። ስድስተኛው ከመጀመሪያው ቀን መብረቁን አወጣ። ሐጂ በየሳምንቱ እየመጡ "የኔዋ ትሠራለች?" ይሉኛል። "ትሠራለች ሐጂ" እላለሁ፤ በጀርባዬ ስክሪኑን ከልዬ። በዚያ ዓመት ጀርባዬ ብዙ ሠርቷል።

ከዚያ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ለጉብኝት መጡ። አቶ ጌታሁን ስለ ዲጂታል ትምህርት ንግግር እያደረጉ ሳለ ሦስት ቦርዶች ተራ በተራ ጠፍተው ተነሱ።

"ምን ሆነው ነው?" አሉኝ በቀስታ።

"ርቧቸው ነው።"

በማግስቱ የግዢ መጠየቂያውን ራሳቸው ይዘው ደሴ ሄዱ፤ እኔም አብሬ።

ዕቃውን ያገኘነው የማስታወቂያ መብራት የሚሸጥ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ለየትኛው ሆቴል እንደሆነ ጠየቀን። ለተማሪ ውጤት ነው ስንለው ሳቀ። መጠናቸውም ጽሑፋቸውም አንድ የሆነ ሁለት ፓወር ሰፕላይ አወጣልን። ሁለቱንም በእጄ መዘንኩ። አንዱ ባዶ ጣሳ ይመስላል፤ ሌላው እጅ ይስባል። በዚህ ሥራ ክብደት ከጽሑፍ ይልቅ ይታመናል፤ ከባዱን ያዝኩ።

ሐይቅ ተመልሼ ለየቦርዱ ወፍራም ሽቦ ዘረጋሁ፣ በየሽቦው ፊውዝ አስገባሁ፣ ቮልቱን ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ጫፍ ላይ እየለካሁ አምስት ነጥብ አንድ ላይ አቆምኩት። መብረቁ ከስምንቱም ጠፋ። አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በሁለተኛው ቀን ሐጂ ይመር መጡ። ቻርጀራቸው ጠረጴዛው ላይ ከተነቀሉት መሀል ነበረች። አነሷት፤ ገመዷን በጣታቸው ጠቀለሉ።

"ምነው ሰይድ፣ የኔዋ ምን አጠፋች?"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ኧረ ምንም አላጠፋችም ሐጂ፤ እያጸዳኋት ነው" አልኩና ፊታቸው ላይ ከስድስተኛው ቦርድ ወፍራሙን ሽቦ ነቅዬ የእሳቸውን ሰካሁ። ወፍራሙ ሽቦ ከነፊውዙ እዚያው ጎን ተንጠልጥሎ ቀረ። ለስምንት የሚበቃ፣ ተርፎም የሚጣል ኃይል ገዝተን፣ ሰባቱ ጠግበው አንዱ ሲራብ ከረመ።

የቻርጀሯን ሆድ ዕቃ አውጥቼ ደህና ሆድ ዕቃ ልከትባት አስቤም ነበር። ሽፋኗ በማስቲሽ የታሸገ ነው፤ ብከፍተው መሰንጠቁ ይታያል። ተውኩት። ስድስተኛውን ወደ ጎረቤቱ ልገለብጥ ስሞክርም ቅጂው መሀል ላይ ሲደርስ ቦርዱ ይጠፋል፤ ብዙ ሥራ ብዙ ኃይል ይጠይቃልና። ለአምስት ደቂቃ ወፍራሙን ሽቦ ሰክቶ መገልበጥ ይቻል ነበር። ለነገ አልኩ። ነገ የማይደረግ ነገር የለም።

ጦርነቱ ከወልድያ በኩል ወደ እኛ መጣ። የመድፉ ድምፅ ሲቀርብ አቶ ጌታሁን ክላስተሩን እንድነቅል አዘዙኝ። ሁሉንም በሥርዓት አጠፋሁ። ስድስተኛው እየጠፋ ሳለ መልሶ ተነሳ፤ ጠፋ፤ እንደገና ተነሳ። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ገመዱን መዝዤ ወጣሁ።

ፓወር ሰፕላዩ ስለሚከብድ ተውነው። ቦርዶቹን በከረጢት ያዝኩ። ባለቤቴ ስምንቱን ካርድ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችና በአምባሰል በኩል ወደ ቤተሰቦቿ ቀበሌ በእግር ወጣን። ወራቱን እዚያ ቆየን። ያቺን ቋጠሮ እሷ ከሻሿ ለይታት አታውቅም።

ስንመለስ የኮምፒውተር ክፍሉ ባዶ ነበር። የሪከርድ ክፍሉ ግን ባዶ እንኳ አልነበረም፤ አመድ ነው። የስንት ዓመት ፋይል ተቃጥሏል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለመልቀቂያው ፈተና ለመመዝገብ ውጤታቸው ማህተም ተደርጎበት እንዲቀርብ ተጠየቀ፤ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ማህተሙን አቶ ጌታሁን በካልሲያቸው ይዘው ተሰደው በካልሲያቸው ይዘውት ተመልሰዋል። ውጤቱ ያለው ባለቤቴ ሻሽ ላይ ብቻ ነው።

የከተማው መብራት አልተመለሰም። ከአንድ የአይሱዙ ሹፌር ባትሪ ተዋስኩ፤ ከጎረቤት ጣሪያ ሶላር አወረድኩ። አሥራ ሁለት ቮልቱን ወደ አምስት የሚያወርድ መቀየሪያ አበጀሁ። አምስት አምፔር የሚችል ስለሆነ አንድ ቦርድ ብቻ ጫንኩበት፤ ሁለት አልሞከርኩም። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ቴሌቪዥን እንደ ስክሪን ሆነችልን። መምህራኑ ዙሪያዋን ተቀምጠው ውጤቱን በእጅ ገለበጡ፤ አቶ ጌታሁን ማህተም መቱ። አንደኛው ተነሳ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ተነሱ። እስከ አምስተኛው ስንደርስ መምህራኑ መቀለድ ጀምረው ነበር።

የስድስተኛውን ካርድ ስከት የስም ዝርዝሩ ተከፈተ። አርባ አራት ተማሪ። የውጤቱ ፋይል ስሙ አለ፤ መጠኑ ዜሮ ነው። ካርድ እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት እንዲህ ይሆናል። ካርዱን ሌላ ቦርድ ላይ ሞከርኩ። ዜሮ ነው። ጎረቤቱ ላይ ያለውን ቅጂ ፈለግሁ። ያልገለበጥኩት ቅጂ አልተገኘም።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ደህና ተነሱ፤ የስድስተኛው አርባ አራት ተማሪዎች የውጤት ካርዳቸውን ከየቤቱ እንዲያመጡ ተነገራቸው። ብዙዎቹ አመጡ፤ አንዳንዶቹን መምህራን ከደብተራቸው ሞሉላቸው። ምንም ማስረጃ ያላገኘንላት አንዲት ልጅ ቀረች። ሐያት ትባላለች፤ ከሴክሽኑ አንደኛ የምትወጣ ነበረች። ቤታቸው ከነካርዷ ተቃጥሏል፣ ያስተማሯት ሁለት መምህራን አልተመለሱም።

ክፍሉ በር ላይ ቆማ "ጋሽ ሰይድ፣ ስሜ አለ አይደል?" አለችኝ።

"አለ።"

"ታዲያ?"

አፈርኩ። ስሟን ብቻ እያሳየኋት ቆምኩ። አቶ ጌታሁን ሦስት ደብዳቤ ጻፉላት፤ ያለ ውጤት አይሆንም ተባለ። የዚያ ዓመት ምዝገባ አለፋት። በሚቀጥለው ዓመት ከታናናሾቿ ጋር ተቀምጣ የምታውቀውን ትምህርት ደግማ ተማረች፤ ተፈተነች፤ አለፈች። አንድ ዓመቷ የሄደው በእኔ ነው። ይህንንም ለእሷና ለአባቷ ነግሬያቸዋለሁ።

ለሐጂ ይመርም መንገር ነበረብኝ። መጋዘናቸው ተዘርፎ፣ ባዶው ወለል ላይ ጆንያ እያራገፉ አገኘኋቸው። ቻርጀሯ ከመጀመሪያውም እንደማትበቃ፣ እኔም ከመጀመሪያው ቀን እንደማውቅ፣ የሐያት ውጤት በዚያ እንደጠፋ በተርታ ነገርኳቸው። ጆንያውን አስቀመጡ።

"ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?"

"ሐጂ፣ ይቀየሙኛል ብዬ ነው።"

"እቀየምሃለሁ እንጂ! ሰው ሁሉ ፊት ነው የሰጠሁት። ወላሂ በጣም ነበር የምቀየምህ።" የእጃቸውን አቧራ አራገፉ። "ዙሁር እስክንሰግድ። ከዚያ ይበርድልኝ ነበር።"

ጆንያውን አንስተው ማራገፋቸውን ቀጠሉ። እኔም በሌላው ጫፍ ያዝኩላቸው።

ለክላስተር ፓወር ሰፕላይ የምትመርጡ ልጆች የአንዱን ቦርድ አምፔር በቦርዶቹ ብዛት አባዙ፤ ቢያንስ ሩቡን ጨምሩበት። ከጽሑፉ ይልቅ ክብደቱን እመኑ። ቮልቱን ቦርዱ ጫፍ ላይ፣ ሥራ በበዛበት ሰዓት ለኩ። የማይበቃ ዕቃ የሰጣችሁን ሰው አመስግኑትና እንደማይበቃ እዚያው ንገሩት። ይቀየማል። ይበርድለታል።