ካርታው ላይ የሌለው ጨፌ

ዛሬ ከሰዓት የልጅ ልጄ ከወረታ ያመጣችውን አሮጌ ካርታ መደቡ ላይ ዘረጋችው። የፎገራ ሜዳ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ እሷ ናት። ጣቷን እያስኬደች «ይኸ ቁሐር ሚካኤል፣ ይኸ ወንዙ» አለችኝ። ጥገት ጨፌን ፈልጊልኝ አልኋት። ጣቷ ዞረ ዞረና ቆመ።

«ምንም አልተጻፈም እማማ። የረግረግ ምልክት ብቻ ነው።»

ሽማግሌዎቻችን ጨፌው ከድሮ ጀምሮ የወል ግጦሽ ለመሆኑ ማስረጃ አምጡ ተብለዋል ከቀበሌ። ከሌለ ነገ በገመድ ተለክቶ ለሩዝ ይሸነሸናል። የቀረን ተስፋ ይኸው ካርታ ነበር።

ካርታ አንሺዎቹ የመጡ ጊዜ ልጃገረድ ነበርሁ። በጋ ነው፤ ክረምት ውሃ የዋጠው መሬት ደርቆ እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። ሩዝ የሚባል አናውቅም። ጨፌው ግን ለምለም ነው፤ የሚታለቡ ላሞች ብቻ ይሰማሩበታል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ለአባቴ አጓትና የሽምብራ እሸት ይዤ ወረድሁ። የእሸቱ ጨው ጨው ማለት አሁንም ከንፈሬ ላይ አለ።

ሰዎቹ ባለ ሦስት እግር መነጽር ተክለው ያያሉ። አንዱ ወደ አባቴ መጣ።

«የዚህ ቦታ ስም ማን ይባላል፣ አባት?»

«ሣር።»

«ሣሩንማ አየነው። ስሙን ነው የጠየቅሁዎት።»

«ስሙም ሣር ነው ጌታው። ካላመኑኝ ላሞቹን ይጠይቁ።»

ሳቁ። እኔ ስሙን ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝ። ሲሄዱ ለምን ደበቅሃቸው አልሁት።

«ዛሬ ስሙን ይጽፋሉ፤ ነገ የእኛ ነው ይላሉ። ያላወቁትን ምኑን ይወስዱብናል?»

እንደ እሱ ያለ ብልህ የለም አልሁ በልቤ። እግሬ አያርፍም፤ አንበሳሜ ከተማ ያለች ልጄን ልጠይቅ ስሄድም፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ስነከርም፣ ይህን እያወራሁ ስንቱን አስቄበታለሁ።

አሁን ማንን ልውቀስ? አባቴ ሊያድነው ብሎ ነው። ነገ የሚሸነሸንላቸውም የራሳችን ወጣቶች ናቸው፤ የሚያርሱት የላቸውም። እንዲህ ያለውን ኀዘን ማን ላይ ይጥሉታል?

የልጅ ልጄ እርሳስ አወጣች። «ስሙን ባዶው ላይ ልጻፈው እማማ?»

«ተይው ልጄ። አሁን ማን ያምነናል?»

ካርታውን አጠፈችው። ላሜ ደጅ እንደታሰረች ወደ ጨፌው ዞራ እምቧ አለች። ወጣሁና ታስሮ መዋሉን ከአሁኑ ትልመደው ብዬ ገመዷን አሳጠርሁት።