ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ

የሆስፒታሉ በር ዘበኛ በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቱ ያለ ሰዓቱ የመጣ ጠያቂ አሳልፎ አያውቅም። እናት ብታለቅስ፣ ባል ቢለምን፣ እሱ የግድግዳውን ሰዓት በአገጩ ያመለክታል። ነጭ ጋወን የለበሰ ሲመጣ ግን ብድግ ብሎ እጅ ይነሣል። ቀና ብሎ ፊት ማየቱን እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል።

የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጁ ጉሮሮዋን ታማ የዐሥር ቀን ኪኒን ታዘዘላት። እናቷ፣ የዘበኛው ልጅ፣ የዚያው ሆስፒታል የላብራቶሪ ሠራተኛ ናት። እሷ ማልዳ ስለምትወጣና እሱ ሥራ የሚገባው ከሰዓት ስለሆነ፣ ኪኒኑን የማስዋጡ ኃላፊነት ለአያትየው ተሰጠ። በአራተኛው ቀን ትንሿ ስትቦርቅ አየና መዳኗን ራሱ አወጀ፤ የተረፈውንም መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ያን ያህል ዓመት የተማረ ሐኪም ይህችን ሳያውቅ መቅረቱ እንኳ አሳዝኖት ነበር።

የላብራቶሪዋ ልጁ ነገሩን ያወቀችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሳትቆጣ አስረዳችው። ጀርሙ በላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቆመ ፕሮቲን አለው። በእሱ ከትንሿ ደም የራሷን ፕሮቲን እየያዘ ይለብሳል፤ የደሟ ጠባቂዎችም ቤተኛ መስሏቸው ያልፉታል። ኪኒኑ ካልጨረሰው ተደብቆ ይከርማል። የባሰው ደግሞ ኋላ ይመጣል፦ ያ ፕሮቲን የልብን ሥጋ ስለሚመስል፣ ጠባቂዎቹ ዘግይተው የነቁ ዕለት የገዛ ልቧን መደብደብ ይጀምራሉ።

«የኔ ደም ያለባት ልጅ ጠባቂዎች በልብስ አይሸወዱም» አለ ዘበኛው።

ልጁ አልተከራከረችም። በማግስቱ፣ ጠያቂ በማይገባበት ሰዓት፣ ጋወን የለበሱ ሴትዮ ወደ በሩ መጡ። ዘበኛው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ «ደህና ዋሉ ዶክተር?» አለ። ዶክተሯ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አለፉ። አለፍ እንዳሉም ዞር አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤት እንዲህ ተነሥተህልኝ ታውቃለህ?»

የአርባ ዓመት ሚስቱ ነበረች፤ የለበሰችውም የልጃቸውን ጋወን።

ደሙ ፈላ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጋወን የሚባል ነገር እንደማያምን ማለ። ቀጥሎ እየተጣደፈ የመጣውን ባለጋወን ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘና፣ ሰውየው እየተወራጨ ስሙን ቢናገርም «ዛሬ አልሞኝም» እያለ ከግድግዳው አጣበቀው። የተያዘው የሆስፒታሉ ብቸኛ የልብ ሐኪም ነበር። ያስለቀቁት ሦስት ነርሶች ናቸው።

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ልጁ የተበጠሰውን የጋወን ቁልፍ ከመሬት አንሥታ በአባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት።

«አባዬ፣ የትንሿ ልብ ላይም እንዲህ ነው የሚደርሰው።»

ኪኒኑን ያዘዘው ሐኪም ሲጠየቅ ዐሥሩ ቀን እንደ አዲስ ይቆጠር አለ። ዘበኛው በማግስቱ ጠዋት መሳቢያውን ከፍቶ አንዷን ኪኒን ከውኃ ጋር ለትንሿ አቀረበ።

«አባባ፣ ድነሻል ብለኸኝ አልነበር?»

«ድነሻል ያለሽ ሌላ ዘበኛ ነው» አላት። «ዋጪ።»