ሀፍሷና የአብነቱ መድኃኒተኛ

ሀፍሷ ሙራድ በሃያ ዓመቷ የአባቷን የብትን ጨርቅ ሱቅ ብቻዋን ታንቀሳቅስ ነበር። መርካቶ አፍ ላለው ትሆናለች፤ የሀፍሷ አፍ ደግሞ ለሦስት ሱቅ ይበቃል ይሏታል። ደንበኛ ዋጋ ሊሰብር ሲሞክር ጨርቁን ጠቅልላ ወደ መደርደሪያው ትመልሰዋለች፤ ሰውየው ራሱ ተመልሶ ይለምናታል።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ ክረምት ላይ፣ ውሃ አልጠግብ አለች። ጆጉን ሙሉ ትጨልጣለች፣ ሽንት ቤት ትሮጣለች፣ መልሳ ይጠማታል። እየበላች ከሳች። ጎረቤት "ዓይን ነው" አለ። አንድ ቀን መሳለሚያ ታክሲ ስትጠብቅ ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ መንገደኛ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት። የስኳር በሽታ ነው ተባለ። ዕድሜ ልኳን በየቀኑ ኢንሱሊን እንደምትወጋ ተነግሯት ቤቷ ገባች።

ያሳደገቻት አክስቷ ሰአዳ ይሄ አልዋጥላት አለ። "ገና ያላገባሽ ልጅ መርፌ ይዘሽ ልትኖሪ? ቆሽትሽን ያሳረረው ሰው ነው ያሳመመሽ። አብነት ሰፈር የመድኃኒት ሥር የሚያውቅ ሰው አለ፣ ተነሽ" አለቻት። መድኃኒተኛው የመረረ ውሃ ሰጣትና "ከመርፌ ጋር አይስማማም፣ ተዪው" አላት። ሀፍሷ መዳን ፈለገች። ተወችው።

ሳምንት ሳይሞላ ያስመልሳት ጀመር፤ ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ሸተተ፤ ራሷን ሳተች። ስትነቃ ሆስፒታል ናት፤ አልጋዋ አጠገብ ዶክተር ሰብለ ወንጌል ቆማለች።

"ጣፋጭ ስላበዛሁ ነው?" ስትል ሀፍሷ ጠየቀቻት።

"አይደለም። ቆሽትሽ ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩ ጥቃቅን ሴሎች ነበሩ። በሽታ ሲገባ የሚዋጉልሽ የራስሽ ወታደሮች እነሱን ጠላት ናቸው ብለው ፈጇቸው። ለምን እንደሆነ በደንብ አይታወቅም። ድምፅ ሳያሰሙ ነው፣ ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመታት። ውሃ ጥሙ ሲመጣ አብዛኞቹ አልቀው ነበር። ኢንሱሊን ከሌለ ስኳሩ ደምሽ ውስጥ ይከማቻል እንጂ ሰውነትሽ አይጠቀምበትም፤ በሱ ፈንታ ስብሽን ያነዳል፣ ጭሱ ይመርዝሻል።"

"የሞቱትን ሥር አያስነሳቸውም?"

"ሥርም አያስነሳቸውም፣ እኔም አላስነሳቸውም።"

ሀፍሷ አላለቀሰችም። "አሁን ነው ቆሽቴ ያረረው!" አለች። ዶክተሯ ሳቋ አመለጣት።

ከሆስፒታል በወጣች በማግስቱ አብነት ሄደች። የመድኃኒተኛው ግቢ በሰው ተሞልቷል። በር አጠገብ አንዲት ሴት፣ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ከእጇ የማይለይ ከሲታ ልጇን ደግፋ ተቀምጣለች። ልጅቱ ዱንያ ትባላለች።

"እትዬ፣ ልጅቱ ስኳር አለባት?"

"በምን አወቅሽ?"

"መርፌ ተዪ ተብላለች?"

ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። "ትናንት ተወች።"

መድኃኒተኛው ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። "አንቺ ልጅ፣ አላህን አትፈሪም? እንጀራዬን ልትዘጊ ነው የመጣሽው?"

"አላህን ስለምፈራ ነው የመጣሁት፣ አባባ! የተሰበረ ቢሆን ይጠግናሉ፤ የኔ ግን ሞቷል። የዚችም ሞቷል። መርፌዬን አስጥለው ሊያስቀብሩኝ ነበር!"

"አስወጧት ይቺን ጥጋበኛ!"

ሁለት ጎረምሶች ክንዷን ያዙ። እሷ የዱንያን እጅ ጨበጠች። "ካለሷ ንቅንቅ አልልም!" ሲጎትቷት ሻርፗ ወልቆ ጭቃው ላይ ቀረ፤ ዞራ አላየችውም። እናትየዋ አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ ልጇን አየችና ተከተለቻቸው። ሦስቱም አንድ ታክሲ ውስጥ ገቡ። ዱንያ በዚያው ቀን ሆስፒታል ተኛች፣ ተረፈች።

ወሬው ግን ከሀፍሷ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ፤ ሽማግሌ ሰደበች ተባለ። ሰአዳ አኮረፈች። "ይቅርታ ጠይቂ" ብለው ጎረቤቶች ቢለምኗት፣ "ዝም ብዬ ተመልሼ ቢሆን ነበር ይቅርታ የምጠይቀው" አለች። አክስትና የእህት ልጅ ሳይነጋገሩ ከረሙ። የታረቁት ሀፍሷ አግብታ፣ በዶክተሯ ክትትል የበኩር ልጇን በሰላም የተገላገለች ጊዜ ነው፤ ሰአዳ ገንፎውን ራሷ አገነፋች።

አባቷ "ቢያንስ ከጨርቁ ጀርባ ሆነሽ ተወጊ፣ ሰው አይይሽ" ብሎ ለምኗት ነበር። እሷ ግን ከምሳ በፊት በርጩማዋን ሱቁ ደጃፍ ላይ አውጥታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ኢንሱሊኗን ትወጋለች። ደንበኛ ፈዝዞ ካያት፣

"ምን ታያለህ? ምሳ ልበላ ነው። ጨርቁን የምትገዛ ከሆነ ጠብቀኝ" ትለዋለች።