ዘሀራ የተረጎመችው ፊልም

ልጅ ሳለሁ፣ በዚያ ቅዳሜ ጎንደር ውስጥ በአያ ኑሩ ቪዲዮ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ ባለቤቱ አያ ኑሩ፣ የእኔ ጓደኛ የሆነችው ልጃቸው ዘሀራ፣ ቆሎ ሻጯ እታለም ይርጌ፣ ከሱዳን የተመለሰው ሙላት፣ ገበያ ውለው ዝናብ ያስጠለላቸው የጠዳ ገበሬዎች፣ እና በሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ። በሩን የማልለቀው የመብራቱ ሽቦ እሳት ቢያስነሳ ቶሎ ለመውጣት ነበር። ዛሬም እንዲሁ ነኝ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ትንሹ ልጄ ነው። ባለፈው ሳምንት ስልኩ ላይ አፍጥጦ ሳገኘው፣ ምን እንደሚያይ ለማጣራት ከኋላው ቆምኩ። የጃፓን ካርቱን ነው። ምድር ተቃጥላለች፣ ውሃ ጠፍቷል፣ ጉልበተኞች በሞተር እየዞሩ ደካማውን ይዘርፋሉ፤ አንድ ደረተ ሰፊ ሰው ደግሞ በጣቱ ብቻ እየነካ ይጥላቸዋል።

"ይሄንማ አውቀዋለሁ፤ ወጌሻው ነው" አልኩት።

"የምን ወጌሻ ነው እማ?" ብሎ ሳቀብኝ።

አያ ኑሩ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ክረምት ገበያው ሲቀዘቅዝባቸው መጋዘናቸውን አጸዱና ቴሌቪዥንና ዴክ አስገቡበት። ካሴቱ በመተማ በኩል ከሱዳን ይመጣል። ሰዎቹ የሚናገሩት በጃፓንኛ፣ ከሥር የሚጻፈው በዐረብኛ ነው። ዘሀራ ቁርአን ስለቀራች አባቷ "ልጄ ታነበዋለች" አሉ፤ እሷም ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ተርጓሚ ሆነች። ወንድሞቿ ይህ ለሴት ልጅ አይሆንም እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። አባቷ ግን "ዐረብኛ የምታውቅ ልጅ ምን ትሆናለች?" ብለው ዝም ያሰኟቸዋል።

እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘሀራ ፊደሉን ታነባለች እንጂ ትርጉሙ አይገባትም። ታሪኩን ከራሷ ነበር የምታወጣው። ሰውየው በጣቱ ስለሚጥል ወጌሻ አደረገችው፤ የትኛው ጅማት የት እንዳለ ያውቃል አለች። በዚያ ላይ የጠፋች እህት ሰጠችው። በእኛ አገር የወጌሻን ጣት የማያውቅ ስለሌለ ሁሉም አመናት። እንዲያውም አንድ ገበሬ የተሰበረ ክንዱን እያሻሸ "እውነት ነው፣ እኔን የጠገነኝም ቢፈልግ ይገድለኝ ነበር" ማለቱ ትዝ ይለኛል።

የዚያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሙላት ገባ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ማሽላ እርሻ ላይ ከርሞ የመጣ ጎረምሳ ነው። ዘሀራ ስታየው ወደ እኔ መጣች።

"ታንጉት፣ ይሄ እኮ ዐረብኛ ይችላል" አለችኝ።

"ራሴን አመመኝ በያቸውና እንሂድ።"

"አባዬስ?"

አባቷ ሙላትን አጠገባቸው አስቀምጠው "ስማት እንግዲህ የኔን ልጅ!" ይሉታል። ብታፍር እሷ ብቻ አይደለችም የምታፍረው፤ አባቷም ያፍራሉ፤ ወንድሞቿም ዳግመኛ ደጃፉን አያስረግጧትም።

ዘሀራ በርጩማዋ ላይ ተመልሳ ጀመረች። "ወጌሻው እህቴን ሳላገኝ እህል አልቀምስም ይላል..."

ሙላት ከት ብሎ ሳቀ።

"ምነው?" አሉ አያ ኑሩ።

"ኧረ እንዲህ አይልም! እህትም የለው።"

አባቷ ዞረው "ዘሀራ?" አሏት።

የሱዳን ዐረብኛ ሌላ ነው ብትል ያልፍላት ነበር። እኔ ብሆን እንደዚያ እል ነበር። እሷ ግን ተነሥታ ቆመች። "አባዬ፣ እኔ የማውቀው ፊደሉን ነው። ወሬው የራሴ ነው።"

እኔ በሩን ጨብጫለሁ። ያኔ እታለም ይርጌ የቆሎ ቁናዋን እንዳቀፈች "ቆይ ቆይ፣ እና እህቱን አገኛት?" አለች።

"እህት የለውም እያልኩሽ! የሚፈልጋት ሴትዮ ሞታለች ነው የሚለው" አለ ሙላት።

"አፍህን ዝጋ! ምን ያሟርታል ይሄ!"

"ገዳሪፍ ሄዶ ሰው መግደል ተምሮ መጣ" አለ አንዱ ገበሬ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። "እኛ የመጣነው የሷን ልንሰማ ነው፤ የሱዳኑን እዚያው ሱዳን ንገራቸው!" አሉት ከኋላ የተቀመጡት።

አያ ኑሩ ተነሡ። ሊያጠፉት ነው ብዬ ነበር። ጎንበስ ብለው ካሴቱን ወደ ኋላ መለሱት። ቴሌቪዥኑ ላይ የወደቁት ሰዎች እየተነሡ ወደ ኋላ ሮጡ። ከዚያ የራሳቸውን ወንበር አንሥተው ከልጃቸው በርጩማ ጎን አስቀመጡና "ካቆምሽበት ቀጥዪ" አሏት።

ቀጠለች፤ ድምጿም እየሞቀ ሄደ። እህትየው በዚያው ዕለት ተገኘች። እታለም ይርጌ እልል አለች፤ ለሁላችንም ቆሎ በነጻ ዘገነችልን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ሙላት ነበር፤ "ቀጥሎ ምን ይሆናል?" እያለ ዘሀራን ይጨቀጭቃታል።

በልጄ ስልክ ላይ ትርጉሙ ትክክለኛ ነው። ሴትዮዋም እውነትም ትሞታለች፤ እስከ መጨረሻው ማየት አልቻልኩም። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ስለ ፊልም አዋቂ አይደለሁም። ግን ሰው ፊት ቆሞ "አላውቅም" ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ባሰብኩ ቁጥር ዘሀራ ትታየኛለች። ልጆቼ ሲዋሹኝ የምነግራቸው የሷን ነገር ነው።

ዘሀራ በኋላ ተድራ ገዳሪፍ ገባች። አባቷ ካረፉ ወዲህ ወሬዋ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኩል የሚሰማው የጦርነት ወሬ ደግሞ እንቅልፍ አይሰጥም። ጎንደር አራዳ የነበሩትን የጨርቅ ነጋዴውን የአያ ኑሩን ልጅ ዘሀራን የሚያውቅ ካለ፣ ያለችበትን እባካችሁ ንገሩኝ።